የሳልቫጅ የተራራ ጫማ ለወጨጫ፦ ከቆዳው በፊት ሶሉን ይዩ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለውን የወጨጫ ተራራ በአንድ ቀን ወጥቶ ለመመለስ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው በጫማ ነው። አዲስ የተራራ ጫማ ዋጋው አይቀመስም፤ ስለዚህ ብዙው ሰው መርካቶ ወርዶ ሳልቫጅ ያገላብጣል። ጥሩ ያደርጋል። 3,391 ሜትር ለሚደርስ ተራራ፣ ከአዲስ ርካሽ ስኒከር ይልቅ በደንብ የተመረጠ ያገለገለ ቡትስ ይሻላል። ችግሩ ያለው መምረጡ ላይ ነው።

በቆዳውና መሬት በሚረግጠው ጎማ መካከል አንድ ለስለስ ያለ ንብርብር አለ፤ መካከለኛ ሶል ይባላል። በብዙ ጠንካራ ቡትሶች ላይ የሚሠራው ከፖሊዩሪቴን ነው። ፖሊዩሪቴን ደግሞ ጫማው ባይለበስም እንኳ ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ዓመት በዓመት ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ የጎማው ጥርስ ያልተነካ ጫማ ቁም ሣጥን ውስጥ አሥር ዓመት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ሻጩ «አልተለበሰም እኮ!» ሲል የሚያሞግሰው ነገር ይበልጥ ሊያስጠረጥር የሚገባው ነው። እንዲህ ያለው ሶል ዳገቱን ችሎ ቁልቁለቱ ላይ ይለቃል፤ ሲወርዱ እያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን ስለሆነ ጎማውን ከቆዳው ይጎትተዋል። ያኔ ደግሞ ሰው ደክሟል፣ ከመኪና መንገድም ርቋል።

መደብሩ ውስጥ የሚደረገው ፍተሻ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መካከለኛውን ሶል ከጎን በአውራ ጣት ጥፍር ጠንከር አድርገው ይጫኑት። ጤነኛው ይገባና ተመልሶ ይሞላል፤ የበሰበሰው ይፈረፈራል፣ ይሰነጠቃል ወይም ጣት ላይ ይጣበቃል። ቀጥሎ ጫማውን ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ አጥፈው ጎማው ከሶሉ የሚገናኝበትን መስመር ይመልከቱ። ቀጭን ክፍተት ከታየ ይተዉት። በምላሱ ውስጠኛ ገጽ ላይ በተሰፋው መለያ የተመረተበት ዓመት የተጻፈባቸውም አሉ፤ ካገኙት ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ያንብቡት። ቀለል ያለ፣ ስፖንጅ መሰል ኢቫ ሶል ያላቸው በዚህ ዓይነት አይበሰብሱም፤ የእነሱ ችግር መጠፍጠፍ ነው። ጎናቸው ላይ ጥልቅ የመጨማደድ መስመር ካለ ድንጋዩን ሁሉ እግር ይቆጥረዋል። የማምረቻ ዓመቱ ለማይታወቅ ጫማ የእኛ ምርጫ ኢቫው ነው።

«ሊስትሮ ያጣብቀዋል» የሚለውን አይቀበሉ። ማስቲሽ የሚይዘው ጤነኛ ገጽ ሲያገኝ ነው፤ በተፈረፈረ ፖሊዩሪቴን ላይ የሚጣበቀው ዱቄት ላይ ነው። ዙሪያውን መስፋትም ክሩ የሚይዘው አካል ከሌለ አያዛልቅም።

ልኩን ከሰዓት በኋላ፣ እግር ትንሽ ሲያብጥ፣ በሚጓዙበት ካልሲ ይለኩ። ክሩን ሳያስሩ ጣቶችዎን እስከ ፊት ገፍተው ሲቆሙ ከተረከዝ ጀርባ አንድ ጣት መግባት አለበት። ከዚያ አስረው ደረጃ ይውረዱ። አውራ ጣት የጫማውን ጫፍ ከነካ ወጨጫ ላይ ጥፍሩ ይጠቁራል፤ ተራራው ላይ ካለው ደን ታችኛው ጠርዝ 2,200 ሜትር አካባቢ ለተነሳ ሰው ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። የጎማው ጥርስ ተበልቶ ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል። ውኃ አያስገባም የተባለውን ጎር-ቴክስ ግን ብዙ አይመኑበት፤ ያረጀ ያስገባል፣ በደረቁ ወራት ደግሞ እግር ያፍናል።

ገዝተው ሲመለሱ የውስጥ ንጣፉን አውጥተው በአዲስ ይተኩ፤ የሌላ ሰው እግር ቅርጽ ይዟል። ጫማውን አጥበው ጥላ ሥር ያድርቁት፤ ፀሐይና ምድጃ ሙጫውን ያላላሉ። ከዚያ ተራራው ላይ በሚይዙት ቦርሳ ልክ ተሸክመው ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንጦጦን ይውጡበት። እግርዎ ላይ ውኃ የሚቋጥር ቦታ ካለ እዚያ ይታወቃል። ቦታው ሲቀላ ወዲያውኑ ፕላስተር ይለጥፉበት፤ ከፈነዳ በኋላ ዋጋ የለውም። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ስለሚቆይ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ይሁን። ለመውረጃ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ክሩን ሁለት ጊዜ ጠምዘው አጥብቀው ይሰሩ፤ እግር ወደፊት እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው።

ጫማው የተሟላለት ሰው የቀረውን በአጭሩ ይያዝ፦ 3 ሊትር ውኃ፣ ቆሎና በሶ፣ የዝናብ ልብስ፣ የራስ ባትሪ፣ አካባቢውን የሚያውቅ መሪ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ መነሳት፤ ጫፉ ቢደረስም ባይደረስም ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ መመለስ። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ሰው መጀመሪያ አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ መውረድ ነው እንጂ ማረፍ ብቻ አይበቃም።

ቦርሳ ውስጥ አንድ ጥቅል ሰፊ ናስትሮ ይኑር። ሶሉ ቢለቅ ከጫማው ጫፍና ከመሃሉ ላይ፣ ሥር እያዞሩ አራት አራት ዙር ጠበቅ አድርገው ይጠቅልሉት፤ ናስትሮው ድንጋይ ላይ ቶሎ ስለሚበላ ትርፍ ያስቀሩ። እንዲህ የታሰረ ጫማ ሰው ወደ ታች ያወርዳል፤ ወደ ላይ አይቀጠልበትም።