አንቀጽ 48 ወይስ 49? የአእምሮ ጤና በግድያ ችሎት

በአንድ ቀን ብዙ ሰው የገደለ ተከሳሽ ወሬ ሲነሳ፣ ቃሊቲም ሆነ ገፈርሳ ሻይ ቤት ውስጥ ጥያቄው አንድ ነው፤ «አብዷል ተብሎ ሊያመልጥ ነው?» የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን ሁለት መንገድ አለው፤ 48 ሙሉ ኢ-ኃላፊነት (በአእምሮ ሁኔታው የተነሳ በወንጀል ጨርሶ አለመጠየቅ)፣ 49 ከፊል።

ቅጣት፦ በ48 የለም። በ49 አለ፣ ግን ሊቀልል ይችላል። ከባድ ግድያ (አንቀጽ 539) እስከ ሞት ስለሚያስቀጣ ልዩነቱ የዋዛ አይደለም።

ነጻነት፦ 48 ማለት ወደ ቤት ማለት አይደለም። ሰውዬው አደገኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ በተገቢ ተቋም እንዲቆይ ያዛል። መውጫ ቀኑ አስቀድሞ አይታወቅም። በ49 የተፈረደ እስር ግን ዓመቱ ይቆጠራል። ይሄን ሻይ ቤት የሚያነሳው የለም።

ማስረጃ፦ ሐኪም ስለ ሕመሙ ይናገራል፣ ሕጋዊ ድምዳሜው የዳኛው ነው። ሐኪሞችም ይጋጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ኖርዌይ ውስጥ 77 ሰው የገደለውን ብሬይቪክ የመጀመሪያው ሪፖርት የአእምሮ ሕመምተኛ፣ ሁለተኛው ጤነኛ አለው። ራሱም ጤነኛ መባል ነበር የፈለገው! ፍርድ ቤቱ በ2012 ጤነኛ ነው ብሎ ፈረደበት።

ስካር፦ ለመግደል ብሎ ራሱን ያሰከረ በሁለቱም አይጠቀምም።

ሁለቱም የሚያዩት ድርጊቱ የተፈጸመበትን ሰዓት ነው። ዛሬ ችሎቱን መከታተል ይችላል ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

በሕመም የተነሳ የሚሠራውን ጨርሶ ላልተረዳ ወይም ራሱን መግዛት ላቃተው 48 ይስማማል። እየተረዳ፣ ግን ሕመሙ ማስተዋሉን ላጎደለበት 49። ቂም ይዞ፣ አቅዶ ለገደለ ጤነኛ አንዱም አይሆንም።