ኮፒ ባትሪ፣ ደህናው ባትሪ ወይስ ፓወር ባንክ?

“የስልኬ ባትሪ አቅም ወደ 78 ፐርሰንት ወርዷል፤ ባትሪ ላስቀይር ወይስ ፓወር ባንክ ልግዛ?” ጓደኞቼ በየጊዜው የሚጠይቁኝ ነገር ነው። አብዛኞቹ የያዙት አይፎን 11 ወይም ኤክስአር ነው። መልሴ አይለወጥም። ብር ካላችሁ ደህናውን ባትሪ አስቀይሩ። ከሌላችሁ ብሩ እስኪሞላ በአሮጌው ቆዩ። ኮፒ፣ ማለትም አስመስለው የሠሩትን ርካሽ ባትሪ ግን አታስገቡ።

ሰሞኑን ለአይፎን 11 ዋጋ ስጠይቅ ኮፒው 1,500 ብር፣ ደህናው 4,000 ብር ተባልኩ። የእጅ ዋጋ ለሁለቱም 300 ብር ነው። እናንተ ስትጠይቁ ሌላ ዋጋ ሊነግሯችሁ ይችላል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው። ኮፒው ስድስት ወር ካገለገለ እድለኛ ናችሁ። በሁለት ዓመት አራት ጊዜ ማስቀየር ማለት ነው፤ ከነእጅ ዋጋው 7,200 ብር። ደህናው ሁለቱን ዓመት ከዘለቀ 4,300 ብር ብቻ ይወጣበታል። “ርካሹ” በ2,900 ብር ተወደደ ማለት ነው።

ጉዳቱ ደግሞ በብር ብቻ አያበቃም። እህቴ ኮፒውን አስገጥማ የመጀመሪያው ሰሞን ደስ ብሏት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ 40 ፐርሰንት እያሳየ ድርግም ማለት ጀመረ። ከዚያ ስክሪኑ በአንድ በኩል ከፍ አለ፤ በጠርዙ ክፍተት ብርሃን ይታያል። ሲከፈት ባትሪው አምባሻ መስሎ ተነፍቷል። የገጠመላት ቤት “ዋስትናው አንድ ወር ነበር” ብሎ ሸኛት። እንዲህ ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ቻርጅ አታድርጉት፣ አትጫኑት፣ በምንም ነገር አትውጉት። ጋዝ ነው የነፋው፤ ከተበሳ በእሳት ሊያያዝ ይችላል።

“ግን እኮ ኮፒውም የባትሪ አቅም 100 ፐርሰንት ያሳያል!” ትሉኝ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ባትሪው ላይ ትንሽ ቺፕ አለች። ያን ቁጥር በማሽን እንደፈለጉ መጻፍ ይቻላል። ከኤክስአር እና ኤክስኤስ ወዲህ ያሉት አይፎኖች የአፕል ያልሆነ ባትሪ ሲገጠምላቸው ሴቲንግ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። ይህንንም ለመደበቅ የአሮጌውን ባትሪ ቺፕ ነቅለው አዲሱ ላይ የሚበይዱ አሉ። አይፎን 11 የወጣው በ2019 ነው። ዛሬ ያገለገለ አይፎን 11 ስትገዙ ባትሪው 100 ካለ መጀመሪያ “መቼ፣ የት ተቀየረ?” ብላችሁ ጠይቁ።

78 ደግሞ ለዚህ ስልክ በሽታ አይደለም፤ እድሜ ነው። አፕል ራሱ አይፎን 14ን ጨምሮ ከዚያ በፊት ያሉት ባትሪዎች ከ500 ሙሉ የቻርጅ ዙር በኋላ 80 ፐርሰንት አቅም እንዲኖራቸው ተደርገው እንደተሠሩ ይናገራል። ከ15 ጀምሮ 1,000 ዙር ነው። ዛሬ 50፣ ነገ 50 ፐርሰንት ብትጠቀሙ አንድ ዙር ተቆጠረ።

ፓወር ባንክስ? መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር እኔም እደግፈዋለሁ። የደከመ ባትሪን ግን አያድንም። ስልኩ 30 ፐርሰንት ላይ የሚጠፋው ባትሪው ካሜራ ወይም ጌም ሲከፈት የሚጠየቀውን ኃይል በአንዴ መስጠት ስላቃተው ነው። ቀኑን ሙሉ ኬብል ላይ ብትሰኩት ሙቀቱ ያባብሰዋል። ከገዛችሁም በቁጥሩ አትደለሉ። እውነተኛ 20,000 ኤምኤኤች (የባትሪ መጠን መለኪያ) ፓወር ባንክ ወደ 5 ቮልት ሲቀይር የሚሰጣችሁ 12,000 ወይም 13,000 አካባቢ ነው። ክብደቱም ከ300 ግራም በላይ ነው። በመዳፍ የሚገባ ቀላል ነገር ላይ 50,000 ተጽፎ ካያችሁ ዋጋውን እንኳን አትጠይቁ።

ደህናውን ለማግኘት የት እንሂድ? ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ ወይም አይቴል ከሆነ ካርልኬር ይሻላል፤ የኩባንያው የራሱ ጥገና ቤት ነው። አይፎን ከሆነና አሜሪካ የሚመላለስ ዘመድ ካላችሁ ስልኩን ይዞላችሁ ሄዶ አፕል ቤት ቢያስቀይር እመርጣለሁ። በ2023 የዋጋ ጭማሪ አፕል የአይፎን 11 ባትሪ መቀየሪያን 89 ዶላር አድርጎታል። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ስልኩን ገና ዓመታት የምትይዙት ከሆነ ግን ያዋጣል።

ሰፈር ውስጥ የምታስቀይሩ ከሆነ ዋስትናውን በጽሑፍ ጠይቁ። እኔ ከስድስት ወር በታች ለሚል ቤት ስልኬን አልሰጥም። ሲገጠም ቁጭ ብላችሁ እዩ። የስክሪኑ ዙሪያ ላይ ያለው ውሃ መከላከያ ማጣበቂያ አዲስ መደረግ አለበት፤ ብዙዎቹ ይዘሉታል። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ተከታተሉት። ከ60 ወደ 45 በአንዴ ከወረደ ወይም ዝም ብሎ ተቀምጦ ከሞቀ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ በዚያው ሳምንት ተመለሱ።