የእናቴን ጥርስ ላተረፈችልን ሐኪም ምስጋና

እናቴ ዱባይ እህቴ ጋ ሦስት ወር ቆይታ ባለፈው ወር ተመለሰች። ልቀበላት ቦሌ ሄድኩ። ነጠላዋን አጣጥፋ ግራ ጉንጯ ላይ ይዛ ወጣች። ልስማት ስጠጋ በእጇ ከለከለችኝ። «ምች ነው» አለች። ቤት እስክንደርስ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ሌሊቱን ቅርንፉድ ነክሳ አደረች። በማግስቱ ሰፈራችን ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሁለት ደቂቃ ያህል አይተው ጥርሱ ይነቀል አሉን። በግራ በኩል የምታኝክበት የቀራት ደህና መንጋጋ እሱ ነው፤ እሺ ማለት አቃተኝ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት ወደዚህች ዶክተር የላከችኝ። ዶክተሯ ወንበሯን ስባ እናቴ ፊት ተቀመጠችና «እማማ፣ የጀመርዎት አውሮፕላኑ ሲነሳ ነው ወይስ ሲወርድ?» አለቻት። ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም። «ገና ሲነሳ፣ ምግብ እንኳ ሳያመጡልን» አለች እናቴ።

ዶክተሯ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ዱባይ ከባሕር ጠለል እኩል ናት። አውሮፕላን ሲነሳ ውስጡ ያለው የአየር ግፊት እየቀነሰ ይሄዳል፤ እስከ 2,400 ሜትር የሚደርስ ተራራ ላይ እንደመውጣት ነው። ያን ጊዜ በተበላ ጥርስ ውስጥ የታፈነ አየር ይለጠጣል፤ የተቆጣ ነርቭ ካለ ደግሞ ሕመሙ አይቻልም።

«ታዲያ ከወረድኩ በኋላ ለምን አልተወኝም?» አለች እናቴ።

«አዲስ አበባም እኮ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከአውሮፕላኑ ወረዱ እንጂ ከከፍታው መች ወረዱ?»

በመስታወቷ እጀታ ጥርሶቹን አንድ በአንድ መታ መታ አደረገች። ቀዝቃዛ ጥጥ አስነካቻት። ራጅ አነሳቻት። ድሮ ያስሞላችው ጥርስ ከሙሊቱ ሥር ተበልቶ ነርቩ ጋ ደርሷል። ዋጋውን አስቀድማ ነገረችን፤ ከዚያ በሁለት ቀጠሮ ሩት ካናል (የታመመውን ነርቭ አውጥቶ የጥርሱን ሥር መሙላት) ሠርታ ጨረሰች። ማታ ደውላ «እማማ እንዴት አደሩልኝ፣ እንዴት ዋሉ?» ስትል እናቴ መረቀቻት።

ቀጠሮው ሳያልቅ አትብረሩ ብላናለች። ጉንፋን ይዟችሁ አውሮፕላን ሲወርድ የላይኞቹ የኋላ ጥርሶች አንድ ላይ ካመሟችሁ ደግሞ፣ ጥፋቱ የጥርስ ሳይሆን የሳይነስ (ከአፍንጫ ጎን በጉንጭ አጥንት ውስጥ ያለው የአየር ክፍተት) ሊሆን ስለሚችል ለመንቀል አትቸኩሉ።

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ከዓረብ አገር የሚመጣ ወይም ጉዞ ያሰበ ዘመድ ያላችሁ፣ ጥርሱን አስቀድሞ ይታይ። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እልክላችኋለሁ።