በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት፦ የአንድ ጊዜ ካሳ ወይስ ወርሃዊ አበል?

በሥራ ላይ ዘላቂ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ፣ ምርጫው በሚፈቀድበት ሥርዓት ውስጥ፣ በጥድፊያ ሊወስን አይገባም።

የአንድ ጊዜ ክፍያ፦ ዕዳ ለማቃለል ወይም አዲስ መተዳደሪያ ለመጀመር ያመቻል፤ ነገር ግን ስምምነቱ ብዙውን ጊዜ የወደፊት ጥያቄን ስለሚዘጋ፣ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ ቢባባስ የሕክምናው ወጪ በተጎጂው ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ወርሃዊ አበል፦ ገቢው ቀጣይ ነው፤ የዋጋ ንረት ግን የመግዛት አቅሙን ሊሸረሽረው፣ ድጋሚ የሕክምና ምርመራም ሊያስቀንሰው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 121፣ ለከባድ ዘላቂ ጉዳት የሚከፈለውን አበል ወደ አንድ ጊዜ ክፍያ መለወጥ የሚፈቅደው በልዩ ሁኔታና በተጎጂው ፈቃድ ነው።

ጉዳቱ ቀላልና የተረጋጋ ለሆነ፣ ገንዘቡን የሚያውልበት ተጨባጭ ዕቅድ ላለው ሰው የመጀመሪያው ይስማማል፤ ሕክምናው ላላበቃ ወይም ሌላ ገቢ ለሌለው ግን ሁለተኛው ይሻላል።