አይቢኤስን በአመጋገብ እንድቆጣጠር ለረዱኝ የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ለአምስት ዓመታት ያህል ሆዴ ሲነፋና ሲቆርጠኝ፣ አንዴ ሲያስቀምጠኝ አንዴ ሲያደርቀኝ፣ በየክሊኒኩ «አሜባ ነው»፣ «ጃርዲያ ነው»፣ «ጨጓራ ነው» እየተባልኩ ብዙ ዙር መድኃኒት ወስጃለሁ። በመጨረሻ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም የሰገራና የደም ምርመራ አሠርተው፣ በስንዴ የሚነሣው የሴሊያክ ሕመምም አለመሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ አይቢኤስ የሚባለው የአንጀት ሕመም እንዳለብኝ ነግረውኝ ወደ አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ላኩኝ። ይህን ምስጋና የምጽፈው ለእኚህ ባለሙያ ነው።

በመጀመሪያው ቀጠሮ አንድም ምግብ አልከለከሉኝም። የበላሁትን፣ ሰዓቱንና ከዚያ በኋላ የተሰማኝን ለሁለት ሳምንት በደብተር እንድጽፍ፣ ቤት የምንጠቀምበትን ሽሮም በትንሽ ዕቃ እንዳመጣ ብቻ ነገሩኝ። ስመለስ ዕቃውን ከፍተው አሸተቱና «ነጭ ሽንኩርቱ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እዚያው ሆኜ እናቴ ዘንድ ስደውል፣ ነጭ ሽንኩርት ብቻ ሳይሆን ቀይ ሽንኩርትም ተከትፎና ደርቆ አብሮ እንደተፈጨ ነገረችኝ።

በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በስንዴ ውስጥ ያለው ፍሩክታን የሚባል ካርቦሃይድሬት፣ እንዲሁም በሽምብራና በምስር ውስጥ ያለው የቅርብ ዘመዱ፣ በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ አልፎ በትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ሲብላላ ጋዝ እንደሚፈጥር፣ አይቢኤስ ያለበት ሰው አንጀትም ይህን ውጥረት አብዝቶ እንደሚሰማው በወረቀት ላይ እየሣሉ አስረዱኝ። እንዲህ ያሉ ካርቦሃይድሬቶችን ለጊዜው የሚቀንሰውን፣ ሎው ፎድማፕ የተባለውንና በአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተዘጋጀውን ዘዴ ነው ለእኛ ማዕድ ያመቻቹልኝ። እነዚህን ምግቦች ለአራት ሳምንት ከከለከሉኝ በኋላ፣ እኔ በተሻለኝ ምግብ ብቻ ልቆይ ስል እሳቸው አልተስማሙም፤ እያንዳንዱን በየተራ፣ ከጥቂት እየጀመርኩ እንድመልስ አደረጉኝ። ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ለዚህ ነው፣ ምክንያቱም ብቻዬን ብሆን ኖሮ የማይጎዳኝን ሁሉ ጥዬ በከንቱ እራብ ነበር።

ዋናው ጠላቴ ሽንኩርቱ እንጂ ሽምብራው እንዳልነበረ ያወቅኩት በዚህ መንገድ ነው። ፍሩክታን በዘይት ስለማይሟሟ ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ጠብሼ አወጣውና በዘይቱ ብቻ እሠራለሁ። ዘንድሮ የዐቢይን ጾም 55 ቀን ያለ ሽንኩርት በተፈጨ ሽሮ፣ በመጠኑ እየበላሁ፣ በድንች፣ በካሮትና በጎመን በሰላም ፈጸምኩ።

ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አድራሻቸውን በፈቃዳቸው እልካለሁ። ሰገራው ደም ያለው ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ እሳቸውም ያለ ሐኪም ምርመራ አመጋገብ አይጀምሩም።