ለጎጃም ክረምት የትኛው የነዳጅ አዲቲቭ ይሻላል?

ሰኔ ግም ሲል የመስኖ ፓምፑ ቤት ይገባል። ኅዳር ላይ ሽንኩርቱ ውሃ ሲፈልግ ይወጣል። ገመዱን ቢስቡት ቢስቡት አልነሳ ይላል። ግልገል ዓባይ ዳር የሚያርሰው አጎቴ አንድ ዓመት ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ተቸግሯል። ችግኝ ደግሞ ቀን አይሰጥም። መካኒኩ ካርቡሬተሩን፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል፣ ሲፈታው ውስጡ እንደ ሙጫ በተጣበቀ ነገር ተሞልቷል። ለካ የሰኔው ቤንዚን ነው።

ቤንዚን ሲቀመጥ ቶሎ የሚቀጣጠለው ክፍሉ ይተናል። የቀረው ከአየር ጋር ተዋህዶ ይወፍርና ነዳጅ የሚያልፍበትን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል።

አዲቲቭ፣ ማለትም ነዳጅ ላይ የሚጨመር ፈሳሽ፣ ልትገዙ መለዋወጫ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠነቀቁት «ለክረምት» ከሚል ጽሑፍ ነው። የፈረንጆቹ ክረምት ውርጭ ነው። ለዚያ የሚሠራው አዲቲቭ ናፍጣ ውስጥ ያለው ሰም በብርድ እንዳይረጋ ይከላከላል። የቤንዚን ፓምፕ አይፈልገውም። የእኛ ክረምት ዝናብና እርጥበት ነው። ስለዚህ ጠላታችን ሁለት ነው፦ የሚያረጅ ቤንዚንና ውሃ።

ለእርጅናው ማቆያ፣ ቤንዚን ቶሎ እንዳይበላሽ የሚያደርግ አዲቲቭ፣ አለ፤ ስታቢል የሚባለው ዓይነት። 30 ሚሊ ሊትሩ ለ9.5 ሊትር ያህል ቤንዚን ይበቃል። ሆንዳ ጂኤክስ160 እና እሱን የመሰሉ ፓምፖች 3 ሊትር ገደማ ስለሚይዙ 10 ሚሊ ይበቃቸዋል። ከፋርማሲ በተገዛ መርፌ ለክታችሁ ጨምሩ። 236 ሚሊ የሚይዘው ጠርሙስ ከ20 ጊዜ በላይ ስለሚሆን ለአንድ ሰው ብዙ ነው። ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ መግዛት ያዋጣል። ግን ልብ በሉ፦ ማቆያው የሚሠራው አዲስ ቤንዚን ላይ ብቻ ነው። ያረጀውን ወጣት አያደርግም።

ሲፎም የሚባለው ሌላ አዲቲቭ ሁለት ሥራ ይሠራል። ያጸዳልም፣ ያቆያልም። ለማቆያ ግን በሊትር 15 ሚሊ ያህል ስለሚፈልግ ቶሎ ያልቃል። ሞተሩ እየተነሳ የሚንተፋተፍ ከሆነ እሱን እመርጣለሁ። ጭራሽ ካልተነሳ ግን ብራችሁን ለካርቡሬተር እጥበት አውሉት።

ውሃ አስወጋጅ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ አልኮል ነው። ጥቂት ውሃ ከቤንዚኑ ጋር አዋህዶ እንዲቃጠል ያደርጋል። ከመግዛታችሁ በፊት ቤንዚኑን በብርጭቆ ቀድታችሁ ትንሽ አቆዩት። ውሃው ከታች ተለይቶ ከታየ አልኮል አያድነውም፤ ገልብጡት።

ኦክቴን ጨማሪውን እለፉት፤ ኦክቴን ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል የሚቋቋምበት መጠን ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የሚፈልገው ኦክቴን እንዲያውም ይቀንሳል። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ላምባ ተቀላቅሎበት ከሆነም የትኛውም ጠርሙስ አያስተካክለውም።

ታዲያ ምን ልግዛ? ለፓምፕ ከሆነ እኔ ምንም አልገዛም። ክረምቱን ሙሉ ስለማይነካ፣ ቤንዚኑን ከምድጃ ርቄ ውጭ ከታንኩ እቀዳዋለሁ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቼ ራሱ እስኪጠፋ እተወዋለሁ። የተቀዳው በዚያው ሳምንት ሞተር ሳይክል ላይ ይገባል። ይህ ነጻ ነው፤ ከሁሉም አዲቲቭ ይበልጣል።

ጀነሬተር ግን ይለያል። በሐምሌ መብራት በሄደ ቁጥር ወዲያው መነሳት አለበት፤ ባዶ አድርጋችሁ ልታስቀምጡት አትችሉም። ለሱ ማቆያ ግዙ። ታንኩን እስከ አፉ ሳይሆን ጥቂት አጉድላችሁ ሙሉት፤ ባዶ ቦታው ሲበዛ እርጥብ አየር ይገባል። ማቆያውን ከጨመራችሁ በኋላ 10 ደቂቃ አስነሱት። የተቀላቀለው ቤንዚን ካርቡሬተሩ ውስጥ ካልደረሰ ታንኩ ብቻ ነው የሚጠበቀው።