የዕጣን ዘይት ላብራቶሪ ሲገባ፦ ሪፖርቱ የሚናገረውና የማይናገረው

ለኢሴንሻል ኦይል፣ ማለትም ከተክል ለሚወጣ ሽታ ያለው ዘይት፣ ምርመራ ገንዘብ ማውጣት ያዋጣል ወይ? ያዋጣል። ግን ውጤቱ ምኑን እንደሚነግራችሁና ምኑን እንደማይነግራችሁ ካላወቃችሁ፣ እጃችሁ የሚገባው የሚያምር ግራፍ ብቻ ነው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሳሙናና የፀጉር ቅባት እሠራለሁ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ ሐበሾች ናቸው። ከሁሉም ቶሎ የሚያልቅብኝ ዕጣን የገባበት ሳሙና ነው። «ዘይቱ ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ?» ሳይለኝ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። እውነታቸውን ነው። ገበያው ውስጥ ፎርጅዱ ብዙ ነው፤ እኔ የምሠራው ደግሞ ሰው ፊቱን፣ ልጁንም የሚያጥብበት ነገር ነው።

ስለዚህ ሦስት ጠርሙስ መርጬ ለትንንሽ አምራቾች ለሚሠራ አንድ የአሜሪካ ላብራቶሪ በፖስታ ላክሁ። አንደኛው አዲስ አበባ ካለ ዘይት አውጪ በዘመድ እጅ የመጣልኝ የመተማ ዕጣን ዘይት ነው። ሁለተኛው ኢንተርኔት ላይ «የኢትዮጵያ ዕጣን» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ነው። ሦስተኛው ላቬንደር ከሚባለው የአበባ ተክል የወጣ ዘይት ነው።

ስለ አገልግሎቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ነው። የሚፈልጉት ከየጠርሙሱ ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፣ በጥቁር ብልቃጥ። ፎርሙ የተክሉን ስም፣ አገሩንና ዘይቱ የወጣበትን ጊዜ ይጠይቃል። ይሄን ባዶ አትተዉት። መርማሪው ከምን ጋር እንደሚያመሳክረው የሚያውቀው ከዚያ ነው። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ምርመራው ከዘይቱ ይበልጣል። ውጤቱ በኢሜይል ይመጣል። ከሁሉ የወደድኩት ግን ኬሚስቱ ለጥያቄ መልስ መስጠቱ ነው። ጻፍኩለት፣ በደንብ አስረዳኝ።

ማሽኑን ሰዎቹ ጂሲ ኤምኤስ ይሉታል፤ ጋዝ ክሮማቶግራፍና ማስ ስፔክትሮሜትር ተጣምረው ማለት ነው። ከጠብታ በጣም ያነሰ ዘይት በመርፌ ይገባና በሙቀት ይተናል። ከዚያ ብዙ ሜትር በሚረዝም ቀጭን ጥምዝ ቱቦ ውስጥ በጋዝ እየተገፋ ያልፋል። ቀለል ያለው ቀድሞ፣ ከበድ ያለው ዘግይቶ ይወጣል። የወጣው እያንዳንዱ ነገር ግራፉ ላይ አንድ ሹል ጫፍ ሆኖ ይታያል። ማስ ስፔክትሮሜትሩ ደግሞ ሞለኪውሉን ይሰባብርና ስብርባሪውን ቀድሞ ከተመዘገበው ጋር ያስተያያል። ማሽኑ ብቻውን ግን አይበቃም። ብዙዎቹ የዕፅዋት ሽታዎች ሲሰባበሩ እጅግ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ከቱቦው የወጡበት ሰዓትም አብሮ መታየት አለበት። ይህን የሚያመዛዝነው ሰው ነው። ጥሩ ላብራቶሪ ከርካሹ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ወደ መተማው ዘይት ልምጣ። ሪፖርቱን ስከፍት ከሁሉ ገዝፎ የቆመው ጫፍ ኦክታይል አሴቴት የሚባለው ንጥረ ነገር ነበር። ከግማሽ በላይ የሆነው እሱ ነው። ኦክታኖልና ሊሞኒን አነስ አነስ ብለው አሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ዘግይተው የሚወጡት ኢንሴንሶልና ኢንሴንሶል አሴቴት አሉ። ይሄ የቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ መታወቂያ ነው። ከትግራይ እስከ መተማና ቤኒሻንጉል ባለው ደረቅ ቆላ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ ማለት ነው። የሶማሊያውና የኦማኑ ዕጣን ሌላ ዝርያ ነው፤ ካርተሪና ሳክራ ይባላሉ። እነሱ ሲመረመሩ ብዙውን ጊዜ ጎልቶ የሚወጣው አልፋ ፓይኒን ነው፤ ያ ጥድ ጥድ የሚለው ሽታ። እንግዲህ አንድ ሰው «የኦማን ዕጣን ነው» ብሎ ሲሸጥላችሁ ወረቀቱ ላይ ኦክታይል አሴቴት ከገነነ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ስም ትክክል አይደለም። ላብራቶሪው ይህን ያህል ቁርጥ ያለ መልስ ሲሰጥ ደስ ይላል። ለዚህ ለዚህ ገንዘቤ አልቆጨኝም።

ርካሹ ጠርሙስ ላይ ነገሩ ተወሳሰበ። ግራፉን የሞላው አልፋ ፓይኒን ነው። ይህን ያየ ሰው ቸኩሎ «ፎርጅድ!» ሊል ይችላል። ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ዕጣን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ነጋዴዎች የትግራይ፣ የኦጋዴን፣ የቦረና ብለው ይለያሉ። የቦረናው የሚመጣው ቦስዌሊያ ኔግሌክታ ከሚባለው ዛፍ ነው፤ ዘይቱም አልፋ ፓይኒን የበዛበት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ «የመተማ ዓይነት አይደለም» ብሎኛል እንጂ «ዕጣን አይደለም» አላለኝም። አልፋ ፓይኒን ደግሞ ከጥድ ሙጫ ከሚወጣው ተርፐንታይን በርካሽ ይገኛል። ቢጨመርበት በዚህ ምርመራ ብቻ በቀላሉ አይያዝም። ሞለኪውሉ ያው ነው፤ ከየት እንደመጣ ምልክት የለበትም። ካይራል የሚሉት ሌላ ምርመራ አለ፤ የሞለኪውሉን የቀኝና የግራ ቅርጽ ለይቶ ምጣኔውን ከታመነ ናሙና ጋር ያስተያያል። ለብቻው ይከፈልበታል።

ይህን ዘይት ግን ከመጀመሪያውም አላመንኩትም ነበር። ነጭ ወረቀት አምጥቼ ከመተማውና ከእሱ አንድ አንድ ጠብታ ጠብ አደረግሁና መስኮት ሥር አስቀመጥኳቸው። በማግስቱ ከመተማው የቀረው ፈዛዛ ጥላ ነው። ዕጣን ከበድ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚተኑ ነገሮች ስላሉት ትንሽ ምልክት መተው ያለ ነው። ከርካሹ የቀረው ግን ወረቀቱን ከፍ ሲያደርጉት ብርሃን የሚያሳልፍ የቅባት ክብ ነበር። ጣቴን ሳስኬድበት ይሟልጣል። ፓስቲ የተጠበሰበት ዘይት ወረቀት ላይ ሲያርፍ ታውቁት የለ? ልክ እንደዚያ። ሪፖርቱን መልሼ አየሁት። የሁሉም ድምር መቶ በመቶ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የምግብ ዘይት የሚል መስመር ደግሞ የትም የለም።

ኬሚስቱን ጠየቅሁት። መልሱን ለሁሉም ሰው ብናገር ደስ ይለኛል። ማሽኑ የሚያየው የሚተነውን ብቻ ነው። የሱፍ ዘይት፣ የኮኮናት ዘይት፣ ማንኛውም የምግብ ዘይት በዚያ ሙቀት ከቱቦው አይወጣም። ስለዚህ ፐርሰንቱ የሚሰላው ከጠርሙሱ ሙሉ ይዘት ሳይሆን ተንኖ ከወጣው ውስጥ ነው። ወጥ ውስጥ ቅመሙን ብቻ ቆጥሮ ውኃውን እንደመተው ነው። ግማሹ የምግብ ዘይት የሆነ ጠርሙስ ግራፉ ላይ ያማረ ዕጣን መስሎ ሊታይ ይችላል። ይህን የሚያጋልጠው በጣም ቀላል ምርመራ ነው። ዘይቱን ይመዝናሉ፣ በሙቀት ያተኑታል፣ የቀረውን ይመዝናሉ። ጨምሬ ከፍዬ አሠራሁት። ከጠርሙሱ ትልቁ እጅ ሳይተን ቀረ። ሻጩ ስጽፍለት ገንዘቤን መለሰልኝ፤ ማስታወቂያው ግን እስካሁን እንዳለ ነው።

ላብራቶሪው ላይ ያለኝ ቅሬታ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በርካሹ ጠርሙስ ሪፖርት ግርጌ «ባዕድ ነገር አልተገኘም» የሚል መስመር አለ። በምርመራው ዓይን ልክ ነው። አንባቢ ግን የሚረዳው «ንጹሕ ነው» ብሎ ነው። ሻጭም ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ የሚለጥፈው ለዚህ መስመር ሲል ነው። ያልተመረመረው ምን ምን እንደሆነ እዚያው ገጽ ላይ ቢጻፍ ምን ነበረበት? ይህን ለኬሚስቱም ጽፌለታለሁ።

ላቬንደሩን ባጭሩ ልለፈው። ላቬንደር ላይ የተለመደው ማጭበርበር ርካሹን ዘመዱን ላቫንዲንን መቀላቀል ነው። እሱን የሚያጋልጠው ካምፎር የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት መለኪያ ለላቬንደር ዘይት ካምፎር ከ1.2 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ላቫንዲን ከዚያ ብዙ ይበልጣል። የእኔው በጣም ዝቅ ያለ ነው። ሌላው ማጭበርበር ላቬንደር ውስጥ በተፈጥሮ ያለውን ሊናሊል አሴቴት በፋብሪካ ሠርቶ መጨመር ነው። ካልተጠነቀቁ አብሮት የሚመጣ ዳይሃይድሮሊናሎል የሚባል ርዝራዥ ያሳብቅባቸዋል። ከነዳጅ የተሠራ ከሆነ በካርቦን 14 መለካት ይቻላል፤ ይህ በሕይወት ያለ ተክል ውስጥ የሚገኝና ተክሉ ከሞተ በኋላ ቀስ በቀስ የሚያልቅ የካርቦን ዓይነት ነው፤ የነዳጅ ዕድሜ በሚሊዮን ዓመታት ስለሚቆጠር ካርቦን 14ቱ አልቋል። ግን ፋብሪካው ከሌላ ተክል ተነስቶ ከሠራውስ? ያኔ ካርቦን 14ም ዝም ይላል። እንዲህ ነው፤ አንዱ ምርመራ የተወውን ቀዳዳ ሌላው ይደፍናል፣ እሱም የራሱ ቀዳዳ አለው።

አሁን ደግሞ የትኛውም ግራፍ ወደማይነግረን ነገር። አንዲት እናት ሳሙና ሊገዙ መጥተው ጠርሙሱን አዩና «ልጄ፣ ይቺን በውኃ ጠብ አድርጌ ብጠጣ ጉልበቴን ያሽለኛል አሉኝ» አሉኝ። «እማማ፣ ይሄ ለመጠጥ አይደለም» አልኳቸው፤ ሪፖርቱንም አውጥቼ አሳየኋቸው። ስለ ዕጣንና ስለ መገጣጠሚያ ሕመም ሲወራ የሚጠቀሰው ቦስዌሊክ አሲድ ነው። እሱ ያለው ሙጫው ውስጥ ነው። ከባድ ስለሆነ በእንፋሎት ዘይት ሲወጣ ወደ ዘይቱ አያልፍም። በእኔ ወረቀት ላይም የለም። ሆኖም የዘይት ጠርሙስ ላይ ቦስዌሊክ አሲድ አለው ብለው የሚጽፉ ሻጮች አሉ። ይሄ ያናድደኛል፤ የታመመ ሰው የሚገዛው ተስፋ አድርጎ ነው። «ቴራፒዩቲክ ግሬድ» (ለሕክምና የሚሆን ደረጃ) የሚለውም እንደዚያው ነው። ይህን ደረጃ የሚሰጥ የመንግሥት ተቆጣጣሪ የለም። ሻጩ ለራሱ የሚሰጠው ማዕረግ ነው። ላብራቶሪው ውስጡ ምን እንዳለ ይነግራችኋል እንጂ ሰውነት ላይ ምን እንደሚሠራ አልመረመረም።

ለቆዳ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ዘይቱ አርጅቷል ወይ? ሊሞኒንና ሊናሎል የሚባሉት የሽታ ንጥረ ነገሮች አየር ሲያገኛቸው ቆዳ የሚያሳክኩ ሃይድሮፔሮክሳይዶች ይፈጥራሉ። እነዚህ ደግሞ ሙቀት አይችሉም። ማሽኑ ውስጥ ሲገቡ ይፈርሳሉና ግራፉ በቅጡ አያሳያቸውም። የፔሮክሳይድ ምርመራ ለብቻው ማዘዝ ያስፈልጋል። ከልጣጭ የተጨመቀ የሎሚና የቤርጋሞት ዘይት የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ፀሐይ ላይ ቆዳ የሚያቃጥለው ቤርጋፕቲን በሌላ ማሽን ነው የሚለካው። የተባይ ማጥፊያ ርዝራዥና እንደ እርሳስ ያሉ ብረቶችም እንደዚሁ ለብቻ የሚታዘዙ ናቸው።

እና የመተማው ዘይት። አምስት ከአምስት የምሰጠው ዘይት ነው፤ ሽታው ፈካ ያለ፣ ትንሽ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል፣ ሳሙና ውስጥም ቶሎ የማይጠፋ ነው። ግን ሪፖርቱ የዛፉን ስም እንጂ የዛፉን ሁኔታ አልነገረኝም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2019 የወጣ ጥናት የፓፒሪፌራ ዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ትልልቆቹ ዛፎች ይሞታሉ፤ ችግኞቹን ከብትና እሳት አያሳድጋቸውም፤ ልጡም ያለ ዕረፍት ይቆሰላል። ከደከመ ዛፍ የወጣ ዘይትና ካረፈ ዛፍ የወጣ ዘይት በዚህ ወረቀት ላይ አይለዩም። ቆላ ወርዶ የሚለቅመው ሰው ምን እንደተከፈለውም አይታይም። ይህን የጠየቅሁት ዘይት አውጪውን በስልክ ነው። ዕጣኑን ከየትኛው ማኅበር እንደሚገዛና ዛፎቹ መቼ እንደሚያርፉ ሳይሸሽ ነገረኝ። እኔ በግሌ ከግራፉ እኩል ያመንኩት ይህን ንግግር ነው።

ላብራቶሪውን አራት ከአምስት ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በዚያ በግርጌ መስመር ነው። ልትልኩ ከሆነ «ንጹሕ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «የየትኛው ዝርያ ነው? የማይተን ነገር ተቀላቅሎበታል? አርጅቷል?» እያላችሁ ለየብቻ ጠይቁ፤ ለእያንዳንዱ የትኛው ምርመራ እንደሚያስፈልግ ኬሚስቱ ይነግራችኋል። በጀት ከሌላችሁ የዝርያውን ግራፍና የማይተነውን ምዘና አስቀድሙ። ሻጭ ሪፖርት ሲያሳያችሁም ወረቀቱ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ጠርሙሱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን እዩ። የአምናን ወረቀት ለዘንድሮ ዘይት የሚያሳይ ብዙ ነው።

የላቬንደሩን ፔሮክሳይድ አዝዣለሁ። ውጤቱ እስኪመጣ ሳሙና ውስጥ አላስገባውም።